አዲሷን ኒንጃ ገዛችኋት እንበል፦ የመጀመሪያው 500 ማይል እንዴት ይነዳል?

ሞተሬን የገዛሁት በ2024 ሜይ ላይ ነው። ካዋሳኪ ኒንጃ 400፣ የ2023 ሞዴል፣ ያ የታወቀው አረንጓዴ። አዲስ ናት፣ ግን ሱቅ ውስጥ ከርማለች። ኒንጃ 500 ስለመጣች 400ዋን ቶሎ መሸጥ ፈልገው ዋጋዋን ቀነስ አድርገው ነበር፣ እኔም የጠበቅኩት ይሄንኑ ነበር። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ቡና ልጠጣ ሄጄ በር ላይ ሳቆማት አንድ ልጅ ሳይጠይቀኝ አይቀርም። “እንዴት ናት? እኔም ልገዛ አስቤያለሁ፣ ከባድ ነው እንዴ?” ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ፍጥነቷ ብዙ አልልም። ፈጣን ናት፣ አለቀ። ሰው የሚቸገረው በሰዓት 5 ማይል ስትሄድ ነው። እኔ ራሴ የጣልኳት ልትቆም ስትል ነው፣ እሱን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ኮርስ ውሰዱ። ሀዋሳ እያለሁ የወንድሜን ቦክሰር እነዳ ነበር፣ ስለዚህ “ሁለት ጎማ ያው ሁለት ጎማ ነው፣ ምን ኮርስ ያስፈልገኛል” ብዬ ተኮፍሼ ነበር። የኮርሱ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ላይ ኩራቴ አለቀ። አስተማሪው በጠባብ ቦታ ስምንት ቁጥር ሥሩ ሲለን እግሬን ሳላወርድ አንድም ጊዜ አልጨረስኩም። ሞተሮቹን እነሱ ያቀርባሉ፣ ትንንሽ ናቸው፣ ቢወድቁም የናንተ አይደሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮርሱን ካለፋችሁ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሄዳችሁ እንደገና አትፈተኑም፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ኤም የምትለዋ ፊደል ትጨመራለች።

ሀዋሳ ወይ ባህር ዳር ሞተር የነዳችሁ ሰዎች ደግሞ እቺን ልብ በሉ። በ1981 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ የሞተር አደጋ ጥናት አለ፤ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሃሪ ኸርት በሚባል ተመራማሪ መሪነት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል አደጋ ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያቺን ሞተር ከያዙ 5 ወር አልሞላቸውም። መንገድ ላይ የመንዳት ልምዳቸው ግን 3 ዓመት ገደማ ነበር። ሰውየው አዲስ አልነበረም፣ ሞተሯ ነበረች አዲስ። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ የሀዋሳውን ታሪኬን ማውራት ቀነስኩ።

ቦክሰሯ 150 ሲሲ ናት፣ 12 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ቀጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ በግ ጭናችሁም ትሄዳላችሁ። ኒንጃዋ 399 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 45 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ናት፤ ነዳጅና ዘይት ሞልታ 166 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ለስፖርት ሞተር ይሄ ቀላል ነው። ግን መሪዋ ዝቅ ይላል፣ እግር ማሳረፊያዋ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሰውነታችሁ ወደ ፊት ይጋደማል። መጀመሪያ የሚሰማችሁም ይሄው ነው። በሁለተኛው ቀን የእጅ አንጓዬ እንደ ልብስ አጣቢ አመመኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። መሪው ላይ ተደግፌ ነው የምነዳው። መያዝ ያለበት በጉልበት ነው፤ ሁለቱን ጉልበቶች የነዳጅ ታንኩ ላይ ገጠም ማድረግ፣ ሆድን ጠበቅ፣ ክርንን እጥፍ፣ እጅን ልቅቅ። ልክ መሆናችሁን እንዲህ እወቁ፦ እየሄዳችሁ ጣቶቻችሁን እንደ ፒያኖ ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልቻላችሁ መሪውን አንቃችኋታል ማለት ነው። ያነቃችኋት ሞተር ደግሞ አትታዘዝም።

ፍሪሲዮኗ በጣም ለስላሳ ነው፣ በአንድ ጣት ይሳባል ማለት ይቻላል። ይሄ ለትራፊክ መጨናነቅ በረከት ነው፣ ለጀማሪ ግን ትንሽ ያታልላል፤ የሚይዝበት ቦታ የት እንደሆነ እጃችሁ ቶሎ አይነግራችሁም። ስለዚህ ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ። ሞተሩን አስነሱ፣ 1ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ምንም ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን በጣም በቀስታ ልቀቁት። ሞተሯ ወደ ፊት መጎተት ስትጀምር እዛው ያዙት። መልሱ። እንደገና። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ በእግሬ እየገፋሁ ስመላለስ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቡናውን ይዞ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው መብራት ላይ ነው።

የመብራቱን ልንገራችሁ። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ቆምኩ። አረንጓዴ በራ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ ድብን ብላ ጠፋች። አስነሳኋት፣ እንደገና ጠፋች። ከኋላዬ አውቶቡስ አለ፣ ክላክሱን ሲለቀው ሄልሜቴ ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ ስቆም 3ኛ ማርሽ ላይ ነኝ። መኪና ላይ ማርሹን ከ3ኛ ወደ 1ኛ በቀጥታ ትወስዱታላችሁ፣ ሞተር ላይ ግን በተራ ነው የሚወርደው፣ ቆማችሁ ደግሞ ሲወርድ አንዳንዴ ያስቸግራል። ስለዚህ ወደ መብራቱ እየተጠጋችሁ፣ ገና ጎማው ሲንከባለል፣ አንድ በአንድ አውርዱ። ዳሽቦርዷ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደሆናችሁ በቁጥር ይጻፋል፤ እኔ አላየሁትማ።

ዜሮ ማርሽ ማግኘት ብዙ ሰው ያማርራል። ካዋሳኪ ለዚህ ደስ የሚል ብልሃት አለው። ቆማችሁ ሳለ ከ1ኛ ወደ ላይ ስታነሱት ዜሮ ላይ ቀጥ ይላል፣ 2ኛ አይገባም። የሚሠራው ግን ስትቆሙ ብቻ ነው፤ ገና እየተንቀሳቀሳችሁ ከሆነ 2ኛ ይገባል። ሌላው ደግሞ የጎን መቆሚያዋ ሳይታጠፍ ማርሽ ካስገባችሁ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል። ለደህንነት የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት “ተበላሸች” ብላችሁ ሱቁ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ወደ ግራ እግራችሁ ተመልከቱ። ደውዬ ነው የማወራው።

ፍሬቻውም እንደ መኪና ራሱ አይመለስም፣ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ሁለት ማይል ሙሉ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው እያልኩ በቀጥታ ሄጃለሁ። ክላክሱ ደግሞ ከፍሬቻው ሥር ስለሆነ ፍሬቻ ልመልስ ብዬ ስንት ሰው ላይ እንዳጮህኩ አላውቅም። ከማንሳታችሁ በፊት ቆማችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በጣት ፈልጉት።

አወዳደቄ

እሁድ ነበር። ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ግራ ዙሬ ልመለስ ነው፣ መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፏል፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ነው የምሄደው። ከሁለት መኪና መሃል አንድ ሕፃን ኳስ ይዞ ብቅ አለ። ሩቅ ነው፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። ሞተሯ ቆመች፣ ክብደቷ በሙሉ ወደ ግራ መጣ፣ እግሬን ባወርድም 166 ኪሎ አንዴ ካዘነበለ በአንድ እግር አይመለስም። ቀስ ብላ ተኛች። ያ የፕላስቲክ ሲጢጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ጋሼ ከመኪናቸው ወርደው እየሮጡ መጡ።

“አንተ ልጅ፣ ተጎዳህ?”

“ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም።”

ቀና ብለው አዩኝ፣ ሞተሯን አዩ። “እናትህ ታውቃለች?”

አታውቅም ነበር። አብረን አነሳናት። የግራው ፕላስቲክ ተፈግፍጓል፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጎብጧል። እጀታው ርካሽ ነው፣ ትርፍ አንድ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፣ እኔ ያኔ ስላልነበረኝ ለቀናት ቆማብኛለች።

ከዚህ የምትወስዱት፦ መሪው ታጥፎ በዝግታ ስትሄዱ የፊት ፍሬን አትንኩ። ለዝግታ የኋላ ፍሬን ነው፣ በቀኝ እግር ለስለስ አድርጋችሁ፤ ፍሪሲዮኑን ደግሞ ግማሽ ያዝ። መቆም የግድ ከሆነ መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርጉ። ኤቢኤስ ያላት ብትሆንም ከዚህ አያድናችሁም፣ ኤቢኤስ ጎማ እንዳይቆለፍ ይከላከላል እንጂ የሚወድቅ ሰው አይደግፍም።

ብቻችሁን ከሆናችሁና ከወደቀች፣ መጀመሪያ በቀዩ ቁልፍ ሞተሩን አጥፉ። በቀኝ በኩል ከሆነ የወደቀችው፣ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን መቆሚያውን ዘርጉት፣ አለበለዚያ ተነስታ በሌላ በኩል ትደፋለች። በግራ ከሆነ መቆሚያው ከሥሯ ስለሚሆን ማርሽ ውስጥ መሆኗን አረጋግጡ፣ እንዳትንሸራተት። ከዛ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ከኋላ ጠንካራ ብረት ላይ፣ ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በእግራችሁ እየገፋችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። ጎንበስ ብላችሁ እንደ ጆንያ ልታነሷት ከሞከራችሁ ወገባችሁ ይቀራል።

500 ማይሉ

ማንዋሉን አንብቡት። ለመጀመሪያው 500 ማይል፣ አዲሱ ሞተር እስኪላመድ፣ በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ አታስኪዷት ይላል፤ ከ500 እስከ 1,000 ማይል ደግሞ 6,000። የሞተሯ ቀይ መስመር፣ ማለትም መታለፍ የሌለበት የዙር ጣሪያ፣ 12,000 አካባቢ ነው። ማለትም ከአቅሟ ሲሶውን ብቻ ነው የተፈቀደላችሁ። 6ኛ ማርሽ ላይ 4,000 ዙር በሰዓት 40 ማይል ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ በዚህ ፍጥነት ቤልትዌይ ላይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ፈጣን መንገድ) መውጣት ራስን መግደል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያጭበረብራል። “ድሮ ቀረ፣ የዛሬ ሞተር ማለማመድ አያስፈልገውም” የሚል አታጡም። ስለ ሞተሩ ብረት አልከራከርም። እኔ የወደድኩት ለኔ ባደረገው ነው፦ በግድ ትንንሽ መንገድ ላይ አስቀረኝ። ከኦልድ ታውን ወደ ማውንት ቨርነን የሚወስደው መንገድ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ጎን ጎን፣ ዛፍ ከግራ ከቀኝ፣ ለስላሳ ኩርባዎች፣ ጠዋት ላይ ሰው የለም። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም። አንድ ዓይነት ዙር ላይ ረጅም ጊዜ አትቆዩ፣ ማርሽ እየቀያየራችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ጎማውም አዲስ ሲሆን ያሟልጫል፤ ለመጀመሪያዎቹ 100 ማይሎች ኩርባ ላይ ብዙ አትጋደሙ፣ ፍሬንም በኃይል አትያዙ።

እዚያ መንገድ ላይ ነው መታጠፍ የተማርኩት። ነገሩ ሲነገር ግራ ያጋባል፣ ሲሞከር ግን ቀላል ነው። በሰዓት ከ20 ማይል በላይ ስትሄዱ ወደ ቀኝ መታጠፍ ከፈለጋችሁ ቀኝ እጃችሁን ወደ ፊት ገፋ ታደርጋላችሁ። አዎ፣ መሪውን ለቅጽበት ወደ ግራ እንደማዞር ማለት ነው። ሞተሯ ወደ ቀኝ ትጋደማለች፣ ትታጠፋለች። ሳይክል የነዳ ሁሉ ሳያውቀው ያደርገዋል። ማወቁ የሚጠቅመው ኩርባው ካሰባችሁት በላይ ሲጠብ ነው፤ ያኔ ሰው ይደነግጥና ይደርቃል፣ መፍትሄው ግን ያንኑ እጅ ትንሽ ጨምሮ መግፋት ነው። ዓይናችሁ ደግሞ መውጫው ላይ ይሁን። ጉድጓድ ካያችሁ ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሞተር ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ፍጥነት ከኩርባው በፊት ነው የሚቀነሰው፣ ውስጡ ከገባችሁ በኋላ ነዳጁን ሳታቋርጡ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ።

ፊት ፍሬን ሲያዝ ጭመቁት እንጂ በድንገት ጭብጥ አታድርጉት። ሎሚ እንደምትጨምቁ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጨምር። በየሳምንቱ ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት ከ20 ማይል ፍጥነት መቆምን ተለማመዱ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የማቆሙን ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ መያዝ የለመደ ሰው አገር ቤት ብዙ አለ፣ እኔንም ጨምሮ። ያንን ልማድ እዚህ ጣሉት።

መኪኖች

አያዩአችሁም። ተቀበሉት። በዚያው በ1981ዱ ጥናት፣ ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የከለከለው መኪናው ነው። በተለይ ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና። መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዲህ ዓይነት መኪና ቆሞ ካየሁ የሹፌሩን ፊት አላይም፣ ዓይን ለዓይን ተያይተንም የሚወጣ አለ። የፊት ጎማውን ነው የማየው። ጎማው መዞር ከጀመረ ፍሬን ላይ ነኝ። ሁለት ጣት ሁሌም ፍሬኑ ላይ።

መብራት ላይ ስትቆሙ ከፊታችሁ ካለው መኪና ትንሽ ራቁ፣ 1ኛ ማርሽ ላይ ሁኑ፣ ስፔኪዮ እያያችሁ። ከኋላ የሚመጣው የማይቆም ከመሰላችሁ የምትወጡበት ክፍተት ይኑር። በመኪኖች መሃል መሽሎክሎክ ቨርጂኒያ ውስጥ አይፈቀድም፣ ካሊፎርኒያ ያለ ዘመዳችሁን ቪዲዮ አይታችሁ አትሞክሩት። በምትኩ ኤክስፕረስ ሌኖቹ፣ መኪና የሚከፍልባቸው ፈጣን መስመሮች፣ አሉላችሁ፤ 395ም፣ 95ም፣ 495ም አውራ ጎዳና ላይ ሞተር ያለ ክፍያ ይገባል፣ ኢዚ ፓስም (የመንገድ ክፍያ መሣሪያው) አያስፈልገውም። መኪና ውስጥ ሆኜ ስንት ብር የከፈልኩበትን መስመር በነፃ ሳልፍበት የተሰማኝን አልነግራችሁም።

ፍሪዌይ የወጣሁት 500ው ካለፈ በኋላ ነው። 6,000 ዙር 6ኛ ማርሽ ላይ 60 ማይል ትንሽ ያልፋል፣ ቀኙን መስመር ይዞ መሄድ ይበቃል። ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ነፋሱ ከጎን ሲመታኝ ሞተሯ አንድ ክንድ ያህል ተገፋች። ደረቴን ታንኩ ላይ አደረግኩ፣ መሪውን አንቄ ያዝኩ፣ ባሰባት። ከዛ የፒያኖው ነገር ትዝ አለኝ። እጄን ሳላላ ራሷ ቀጥ አለች።

ሄልሜት ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ዲሲም ግዴታ ነው፣ ስለሱ አልከራከርም። ጓንት ግን ግዴታ ስላልሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፉ ነው፤ የኔም ነክቷል፣ ጓንቱ ተፋቀ፣ እጄ ዳነ። ለጁላይ ሙቀት ነፋስ የሚያስገባ ጃኬት አለ፣ እሱን ግዙ። በቲሸርት የሚነዳ ሰው ሲያልፈኝ ቆዳው ነው የሚታየኝ።

ሰው መጫን? በመጀመሪያው 1,000 ማይል ማንንም አትጫኑ። የኋላው መቀመጫ ራሱ ከዳቦ ቁራሽ አይበልጥም። “አንዴ ብቻ አዙረኝ” የሚል አይጠፋም፣ እምቢ በሉ። ከዛም በኋላ የምትጭኗት ነጠላ የለበሰች ከሆነች ነጠላውን አስወልቁ። ቀልድ አይደለም፣ ሰንሰለት ውስጥ የገባ ጨርቅ ሰውየውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያው ሰርቪስ 600 ማይል ላይ ነው፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ አትዝለሉት። የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ ልኩ ሞተሯ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። ሰንሰለቱን በየ400 ማይሉ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ቀን ቅቡት። ነድታችሁ ስትመለሱ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ይሻላል። የኋላውን ጎማ የሚያነሳ መቆሚያ ግዙ፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ (የኔ አከራይ ስለ ዘይቱ ጠብታ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች)፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ጨርቅ ይዛችሁ ሰንሰለት አትጥረጉ። ይፈጥናል፣ አዎ። ጣት ግን መለዋወጫ የለውም።